ብዙኃኑ ሲወስን የአንዱ መብት የት ይደርሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በምክር ቤት ይሁን በእድር ስብሰባ «አብላጫው ወስኗል» ከተባለ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ያለቀለት ነው። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ያላለቀበትን ጊዜ ይመለከታሉ። መልሶቹ በዋናነት በ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ላይ የቆሙ ናቸው። የውጭ አገር ምሳሌ የመጣው የእኛን ጉዳይ አጥርቶ ለማየት በሚረዳበት ቦታ ብቻ ነው። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ በፈረንጆቹ ሲሆኑ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ተጽፏል።

ዴሞክራሲ የብዙኃኑ ፈቃድ ከሆነ አንድ ሰው እንዴት «አይሆንም» ሊል ይችላል?

ሁለት ዓይነት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። መንገዱ በየት በኩል ይለፍ፣ ግብሩ ስንት ይሁን፣ አገሩን ማን ያስተዳድር የሚለው በድምፅ ካልሆነ መቋጫ የለውም፤ የተሸነፈውም ውጤቱን ይቀበላል። እገሌ በየትኛው እምነት ይጸልይ፣ እገሊት ሳይፈረድባት ትታሰር ወይ፣ የዚህ ቤተሰብ ቤት ያለ ካሳ ይወሰድ ወይ የሚለው ግን ከመጀመሪያው ለድምፅ አይቀርብም። ሕገ መንግሥቱ እነዚህን በምዕራፍ ሦስት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ዘርዝሯቸዋል፤ አንቀጽ 10 ደግሞ ሰብዓዊ መብቶች የማይጣሱና የማይገፈፉ መሆናቸውን ይናገራል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፣ መተባበርን ለማወደስ። ምዕራፍ ሦስት የተጻፈው ድሩ ሲያብር የሚታሰረው ምንም ያላጠፋ ሰው ለሚሆንበት ቀን ነው። ደግሞም መብቱ ለብዙኃኑም ያስፈልጋል። ዛሬ በቁጥር ያነሰው ወገን ነገ በዝቶ የሚያሸንፈው ዛሬ መናገር፣ መሰብሰብና መጻፍ ከቻለ ነው። ይህን የከለከለ አብላጫ የዛሬውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የነገውንም ምርጫ ጠቅልሎ ወስዷል።

«ብዙኃኑ» ሲባል ግን ስንት ሰው ነው?

ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ቁጥሩን ሳያዩ «ሕዝቡ ወስኗል» የሚለውን ቃል መቀበል አደገኛ ነው።

240 አባላት ያሉት እድር እንውሰድ። ደንቡ ምልዓተ ጉባኤው «ግማሽ ሲደመር አንድ» ነው ካለ 121 ሰው ከተገኘ ስብሰባው ይጀመራል። ውሳኔው ከተገኙት በአብላጫ ድምፅ ከሆነ ደግሞ 61 ሰው እጅ ካወጣ አበቃ። ከ240ው 61 ሩብ ያህል ነው።

በአገር አቀፍ ምርጫም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በአንቀጽ 54 መሠረት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። 10,000 ሰው ድምፅ በሰጠበት ክልል አንዱ 4,100፣ ሁለተኛው 3,200፣ ሦስተኛው 2,700 ቢያገኙ መቀመጫው የመጀመሪያው ነው፤ 5,900 መራጮች ግን ሌላ ሰው ፈልገው ነበር። ይህ በየክልሉ ሲደጋገም የመቀመጫው ስፋት ከድምፁ ስፋት በእጅጉ ሊርቅ ይችላል። በ2002 ምርጫ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ፤ በ2007 ደግሞ ሁሉም 547ቱ። መቶ በመቶ የተያዘ ምክር ቤት መቶ በመቶ የተስማማ ሕዝብ አለ ማለት አይደለም።

ቆጠራው ራሱም ይጣራል። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። በወቅቱ የነበሩት አባላት 539 ስለሆኑ ከ359 በላይ ድጋፍ ይጠበቅ ነበር። መጀመሪያ በአዳራሹ የተነገረው የድጋፍ ድምፅ 346 ነበር፤ በኋላ «ትክክለኛው 395 ነው» ተብሎ ታረመ፤ 88 ተቃውሞና 7 ድምፀ ተአቅቦ ተመዘገበ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት አዋጁ በመጽደቁና በመውደቁ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ውሳኔ ሲነገርዎ ሦስት ቁጥር ይጠይቁ፦ ጠቅላላው አባል ስንት ነው፣ የተገኘው ስንት ነው፣ የደገፈው ስንት ነው።

ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ቢስማማ ምዕራፍ ሦስትን መቀየር ይችላል?

ብቻውን አይችልም። አንቀጽ 105 ሁለት በር አለው። ለሌሎቹ የሕገ መንግሥቱ ክፍሎች ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶች ደግሞ ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቁት ይበቃል። ለምዕራፍ ሦስትና ለማሻሻያ አንቀጾቹ ለ104 እና ለ105 ግን ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ መቀበል አለባቸው፤ በዚያ ላይ የሕዝብ ተወካዮችም የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ።

ዛሬ ክልሎቹ 12 ናቸው። አሥራ አንዱ እሺ ብለው አንዱ እምቢ ካለ ማሻሻያው ወደቀ። በ1999 የሕዝብና ቤት ቆጠራ 183,415 ነዋሪ የተመዘገበበት የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 መቀመጫ ነው ያለው። ከእነዚህ ቢያንስ 19 አባላት ደግፈው እጃቸውን ካላወጡ የሌላው አገር ስምምነት በሙሉ አንዲት ቃል ከምዕራፍ ሦስት አይፍቅም። ይህን «ጥቂቱ ብዙውን አሰረ» ብሎ የሚነቅፍ አለ። እኛ የምናየው ሌላ ነው፦ መብትን ማንሳት ከመስጠት እንዲከብድ ታስቦ የተሠራ ቁልፍ ነው፤ መክበዱም ትክክል ነው።

ታዲያ መብት ገደብ የለውም?

አለው። ገደቡ ግን የሚመጣው በሕግ ነው፤ ዓላማውም አንቀጹ ራሱ ከጠቀሳቸው አንዱ መሆን አለበት። ለምሳሌ በአንቀጽ 27(5) እምነትን የመግለጽ መብት የሚገደበው የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብን ሞራልና የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ፣ እንዲሁም መንግሥት ከሃይማኖት ነጻ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። «ብዙኃኑ አልወደደውም» የሚል ምክንያት በዝርዝሩ የለም። ጥንቃቄ የሚሻው «ሞራል» የሚለው ቃል ነው፤ ልክ ካልተበጀለት የብዙኃኑ ጥላቻ በዚያ በር ገብቶ የሕግ ልብስ ይለብሳል።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ምን ይቀራል?

አንቀጽ 93 አዋጁን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት እንደሆነ ይደነግጋል። የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርብለታል። ሁለት ሦስተኛ ካላገኘ ወዲያውኑ ይሻራል። የጸደቀው እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታደስ ይችላል።

በዚህ ጊዜም ቢሆን የማይነኩ ድንጋጌዎች አሉ፦ አንቀጽ 1 (የመንግሥቱ ስያሜ)፣ አንቀጽ 18 (ኢሰብዓዊ አያያዝ ክልከላ)፣ አንቀጽ 25 (እኩልነት)፣ እና አንቀጽ 39 ንዑስ 1 እና 2 (የብሔሮች የራስን ዕድል በራስ የመወሰን፣ የቋንቋና የባህል መብት)። ዝርዝሩን ደግመው ያንብቡት። የቡድን መብት ገብቶበታል፤ በሕይወት የመኖር መብት (አንቀጽ 15) ግን የለበትም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 4 የሕይወት መብት በማንኛውም አስቸኳይ ጊዜ ሊታገድ አይችልም ይላል፤ አንቀጽ 13(2) ደግሞ ምዕራፍ ሦስት ከዓለም አቀፍ ሰነዶቹ ጋር ተጣጥሞ እንዲተረጎም ያዝዛል። የሚከራከር ሰው ሁለቱን አያይዞ ይጥቀስ።

ዘመድ ለታሰረበት ሰው በተግባር የሚጠቅመው የአንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 5 እና 6 ነው። ምክር ቤቱ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ማቋቋም አለበት፤ ቦርዱም የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። አቤቱታውን ለቦርዱ በጽሑፍ ሲያቀርቡ የታሰረውን ሰው ሙሉ ስም፣ የተያዘበትን ቀንና ቦታ፣ የወሰደው አካል ምን ዓይነት የደንብ ልብስ እንደለበሰ ይጻፉ። ያለ ቀንና ያለ ቦታ የሚቀርብ አቤቱታ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ስለማያሳይ ብዙ አይራመድም።

የእኛ ሕገ መንግሥት የሚጠብቀው ቡድንን ነው ወይስ ግለሰብን?

ሁለቱንም ይላል። ሁለቱ ሲጋጩ ግን ሰው መሐል ላይ ይቀራል። በ1992ቱ ምርጫ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሆነውን እንይ። ለረጅም ጊዜ እዚያ የኖሩ፣ ግን ከሌሎች ብሔሮች የተወለዱ ሰዎች ለምክር ቤት ሊወዳደሩ ሲሉ የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አትችሉም ተብለው ተከለከሉ። አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን ያለ ቋንቋ ልዩነት ሰጥቷቸዋል፤ የምርጫ ሕጉ ደግሞ ተወዳዳሪው ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቅ ነበር።

ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 ሲወስን ሕጉን አልሻረውም፤ ይልቁንም ሊታወቅ የሚገባው ቋንቋ የክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛ እንጂ የነባሩ ብሔረሰብ ቋንቋ አይደለም አለ። አመልካቾቹ በክርክሩ አሸነፉ፤ የተከለከሉበት ምርጫ ግን ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። የሥራ ቋንቋው ሌላ በሆነበት ክልል ደግሞ ይኸው ትርጉም የተለየ ውጤት ይሰጣል። አንድ ሰው በሚኖርበት ቦታ በቁጥር ሲያንስ መብቱን ማግኘት ያለበት ሰው በመሆኑ እንጂ የቡድኑ አገር እዚያ በመሆኑ አይደለም፤ ይህን ጥያቄ ያ ውሳኔ በግማሹ ብቻ ነው የመለሰው።

«ባህላችን ነው፣ ሁላችንም ተስማምተንበታል» ቢባልስ?

አንቀጽ 9(1) ሕግን ብቻ ሳይሆን ልማዳዊ አሠራርንም ይጨምራል፦ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ከሆነ ተፈጻሚነት የለውም። አንቀጽ 34(5) በቤተሰብና በግል ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘትን ይፈቅዳል፣ ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ። የአንዱ ፈቃድ ከጎደለ የለም ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ አይደለም። በአዲስ አበባ በአንድ ቤት ውርስ የተነሳ ክርክር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲሄድ አንደኛዋ ተከራካሪ «በዚህ ችሎት ለመዳኘት አልፈቀድኩም» አለች። ችሎቱ ቀጠለ፤ በይግባኝም እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ተረታች። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ፈቃዷ ስላልነበረ የተሰጠው ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ለእርሷ የጠቀማት ከመጀመሪያው ቀን ተቃውሞዋን በጽሑፍ ማስመዝገቧ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ የገጠመው ሰው ስለ ፍሬ ነገሩ አንድ ቃል ከመመለሱ በፊት አለመፍቀዱን ያስመዝግብ፤ ዝም ብሎ ከተከራከረ «ፈቅዷል» ይባላል።

የሰፈሩ ነዋሪ ተፈራርሞ የአንድ እምነት ተከታዮች ማምለኪያ ወይም መቃብር እንዳይሰጣቸው ቢጠይቅስ?

ፊርማው ሺህ ቢሆንም ለመከልከል በቂ ምክንያት አይሆንም። ባለሥልጣኑ እምቢ ካለ በመሬት አጠቃቀም ፕላን፣ በድምፅ መጠን፣ በመንገድ ስፋትና በመሳሰለው ለሁሉም እኩል በሚሠራ መመዘኛ መሆን አለበት። እምቢታውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይጠይቁ። ከዚያ በዚያው አካባቢ ለሌላ እምነት የተሰጠ ቦታ ካለ በየትኛው መመዘኛ እንደተሰጠ ያነጻጽሩ፤ ክርክሩ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

መብቴ ሲጣስ ፍርድ ቤቱ ሕጉን «ኢ-ሕገ መንግሥታዊ» ሊለው ይችላል?

በእኛ አገር ይህ ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 62 እና 83)። አባላቱ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ሲሆኑ በተግባር የሚመረጡት በክልል ምክር ቤቶች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች ቃል ኪዳን ከሆነ ተርጓሚዎቹም እነርሱ ይሁኑ ተባለ። ችግሩም ያንኑ ያህል ግልጽ ነው። ግለሰቡ የሚከሰው የክልሉን አብላጫ ከሆነ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጠው በዚያው አብላጫ የተመረጠ ሰው ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች በትምህርት ቤት ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ ማስገደድ ይቻላል ብሎ 8 ለ1 ወሰነ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጦርነቱ መሐል፣ የአገር ፍቅር ስሜቱ እጅግ በጋለበት ወቅት፣ ያንኑ ውሳኔ 6 ለ3 ቀለበሰው። ለምርጫ የማይቀርብ ዳኛ ካልሆነ በቀር በዚያ ሰዓት እንዲህ ለመወሰን የሚደፍር አይገኝም ነበር። ለዚህ ነው የትርጉም ሥልጣኑ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ተለየ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መሄድ አለበት የምንለው። እስከዚያው ግን አንቀጽ 13(1) የፍትሕ አካላት ምዕራፍ ሦስትን የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ስለሚናገር፣ በክስዎ ላይ አንቀጹን በስሙ ይጥቀሱ፤ ዳኛው መብቱን እንዲያስፈጽም እንጂ ሕጉን እንዲሽር አይጠይቁት።

ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ እንዴት አቤት ይባላል?

የትርጉም ጥያቄዎችን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አስቀድሞ የሚያጣራው ይህ ጉባኤ 11 አባላት አሉት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ እና የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወክላቸው ሦስት ሰዎች። አሠራሩ በአዋጅ ቁጥር 798/2005 ተወስኗል።

በመጀመሪያ ከፊት ያለውን መንገድ ይጨርሱ። የመሥሪያ ቤት ውሳኔ ከሆነ እስከ መጨረሻው የበላይ አካል፣ የፍርድ ቤት ከሆነ እስከ ሰበር ሰሚ ችሎት። ከዚያ አቤቱታውን በጽሑፍ ያዘጋጁ፦ የአመልካች ስምና አድራሻ፣ ድርጊቱ በቀን ቅደም ተከተል፣ የተጣሰው አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ፣ የትኛው ሕግ ወይም ውሳኔ እንደጣሰው፣ የሚጠየቀው ዳኝነት። የውሳኔዎቹን ግልባጭ በሙሉ ያያይዙ፤ አንድ እርከን ከጎደለ «መንገዱን አልጨረሰም» ይባላል።

ጉባኤው ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይልካል። ምክር ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ እንዲወስን አንቀጽ 83 ቢያዝም ከዚያ የሚዘገይ ጉዳይ አለ። ትርጉም አያስፈልግም ከተባለ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ ይቻላል።

ከሚቀርቡት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይዘጋሉ። የሚደጋገመው ስሕተት አቤቱታውን እንደ አራተኛ ይግባኝ መጻፍ ነው፦ «ሰበር ማስረጃውን አሳስቶ አየው» የሚል። ጉባኤው ማስረጃ አይመዝንም። «ማስረጃዬ ተናቀ» ከማለት «የሥር ፍርድ ቤት ሳይሰማኝ ወሰነ፤ ይህም አንቀጽ 37ን ይጥሳል» የሚለው ይሻላል፤ በእርግጥ እንዲያ ሆኖ ከሆነ ብቻ።

እድሩ (ወይም የኮንዶሚኒየሙ ማኅበር) በጠቅላላ ጉባኤ ወስኖ አስወጣኝ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ ይሠራ የነበረውን መተዳደሪያ ደንብ ያግኙ፤ ብዙ እድር ደንቡን ሦስት አራት ጊዜ ስለሚያሻሽል የቆየው ቅጂ ያሳስታል። ከዚያ ለሊቀ መንበሩ በደብዳቤ የቃለ ጉባኤውንና የፊርማ ዝርዝሩን ግልባጭ ይጠይቁ፤ በእጅዎ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቀን አስጽፈው ያስፈርሙ።

ሰነዱ ሲመጣ የሚታየው ይህ ነው። የማስወጣት ሥልጣኑ በደንቡ የማን ነው፣ የጉባኤው ወይስ የሥራ አስፈጻሚው? አጀንዳው ቀድሞ ተነግሯል ወይስ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ተወሽቆ መጣ? ፊርማው ምልዓተ ጉባኤውን ይሞላል? ሳይገኙ የተፈረመላቸው ሰዎችስ የሉበትም? ጥፋት የተባለው ነገር ከመፈጸሙ በፊት በደንቡ ነበር? ከሁሉ በላይ፣ ተጠርተው እንዲመልሱ ዕድል ተሰጥቶዎታል? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ክርክርዎ መቆሚያ አለው፤ 200 ሰው አጨብጭቦ ቢወስንም።

እስከዚያ ወርኃዊ መዋጮውን አያቋርጡ። ገንዘብ ያዡ አልቀበልም ካለ ሁለት ምስክር ይዘው ሄደው አለመቀበሉን በወረቀት ያስፍሩ። ይህን ያላደረገ ሰው በኋላ «ለነገሩ ሦስት ወር ስላልከፈለ በደንቡ መሠረት ወጥቷል» የሚል መልስ ይጠብቀዋል፤ የመጀመሪያው ሕገ ወጥ ውሳኔም በዚያው ይሸፈናል። ከመባረርዎ በፊት የደረሰ ኀዘን ካለ በደንቡ የሚገባዎት ገንዘብ የእርስዎ ነው፤ ኋላ የመጣ ውሳኔ አይወስደውም።

የአካባቢ ሽማግሌ ቀድሞ ቢሞከር መልካም ነው፣ ጎረቤት ሆኖ መኖር አለና። ካልሆነ እድሩ ለተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ ከሕግ ወይም ከራሱ ደንብ ውጭ የተላለፈ ውሳኔ እንዲሰረዝም በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል፤ ሲዘገይ መብቱ ሊያልፍ ስለሚችል ሳይውል ሳያድር። በኮንዶሚኒየምም እንዲሁ ነው። ጉባኤው ለጥበቃ፣ ለደረጃ ጽዳት፣ ለውኃ ፓምፕ መዋጮ መጣል ይችላል፤ የተቃወመውም ይከፍላል። ቤትዎ ማን እንደሚገባ፣ ምን ዓይነት ጸሎት እንደሚደረግበት ግን የጉባኤው አጀንዳ አይደለም። በቃለ ጉባኤው ላይ ተቃውሞዎ በስምዎ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ «በሙሉ ድምፅ» ተብሎ ከተዘጋ በኋላ እዚያ እንደነበሩና እንደተቃወሙ የሚያሳይ ሌላ ወረቀት አይኖርዎትም።